ጋሼ ሽጉጥ ሲመርጥ

የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ፊቱ ስቆም «ጋሼ» እለዋለሁ፤ «እርስዎ» እለዋለሁ። ሲነሳ እነሳለሁ፤ ሲቀመጥ ተቀመጥ እስኪለኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ይህን የምጽፍበት ወረቀት ግን የራሴ ስለሆነ እዚህ «እሱ» ነው። አንድ ቀን እጁ ገብቶ ቢያነበው ይከፋው ይሆናል። ይክፋው።

ከእኛ መንደር ጆሃንስበርግን ቀድሞ የረገጠ እሱ ነው። ከሆሳዕና ማዶ ካለች ትንሽ ቀበሌ ተነስቶ መጣ፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ ትከሻው ላይ ጭኖ በየሎኬሽኑ፣ በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ ቤት ለቤት ሸጠ፤ ቴምቢሳ ሎኬሽን ስፓዛ የሚሉትን የሰፈር ሱቅ ከፈተ፤ በኋላ መሃል ከተማ ጂፒ ላይ የጅምላ መደብር ያዘ። ዜግነትም አገኘ። ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አስመጣን። አስመጥቶ በየሱቁ እንደ ዕቃ ደረደረን። እኔ የደረሰኝ ቴምቢሳ ነው። ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሜ ዳቦና የስልክ ካርድ ስሸጥ ጸጉሬ ሸበተ፤ እስከ ዛሬ ኪሴ ያለው የጥገኝነት ወረቀት ነው። እሱ ግን «ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ» ማለቱን አልተወም። በሰርግ ይለዋል፣ በለቅሶ ይለዋል፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ተሰብስቦ ሲቆም ይለዋል።

አንድ ጊዜ በእንግዶች ፊት ቃል መለስኩለት። ነገሩ ምን እንደነበር ራሱ አሁን ትዝ አይለኝም። የሚሰማኝ ጥፊው ነው። ባለቤቴ የምግብ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ጓዳ ተመለሰች። ስለዚያ ጥፊ እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። እንግዶቹ በሉ፤ እሱ ጸለየልን፤ ወደየቤታችን ሄድን።

ስለዚህ ያ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አዝኜ ነበር ብዬ አልዋሽም።

መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት ሻይ ሲቀበል ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ተንቀጫቀጨ። ብርድ ነው አለ። ሰኔ ነበር፤ እዚህ ሰኔ አጥንት የሚገባ ብርድ አለውና ሰውም አመነው። ወራቱ ሄዶ ሙቀቱ ሲመጣ ብርዱ አለፈ፣ መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀውም። ከዚያ ሻይ አልጠጣም ማለት ጀመረ። ሲፈርም ሰው ዞር እንዲል ያዛል። በጸሎት ጊዜ ሁለቱን እጆቹን አጣብቆ ስለሚይዝ መንፈሳዊነቱ ጨመረ ተብሎ ተወራለት። እኔ እየሳቅሁ እሰማ ነበር፤ በሆዴ።

ሐኪም ዘንድ የወሰድኩትም እኔ ነኝ፤ መካከላቸው ሆኜ ያስተረጎምኩትም እኔ። እሱ ዙሉውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፤ እንግሊዝኛው ግን ከሱቅ መስኮት አያልፍም። ሐኪሙ እጅህን ዘርጋ አለው። ዘረጋ። ጣቶቹ ተርገበገቡ። ሐኪሙ በሽታው የሚገድል እንዳልሆነ፣ የሚለቅም እንዳልሆነ፣ እየባሰ እንደሚሄድ ተናገረ። መኪና አይንዳ፣ ብቻውን አይኑር አለ። ቃል ሳልጨምር ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። መኪና ውስጥ ስንገባ «አንተ ነህ የጨመርክበት» አለኝ። ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነበር፣ ያንተ ረዘመ ነው ክሱ። አማርኛ ይረዝማል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ዝም በል አለኝ፤ ሞተሩን አስነሳሁ።

ጋሼ በወጣትነቱ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቷል። እሱ እንደሚለው ከሆነ ከጦሩ ውስጥ እሱን የሚያህል አነጣጣሪ አልነበረም። ሲናገር የሚሰማ ሰው ጦርነቱን ያሸነፍነው ይመስለዋል። ለመዝናኛ ኢላማ የሚመታበት ሽጉጥ ሊገዛ ማሰቡ የቆየ ነገር ነው፤ ሥልጠናውን ወስዶ የብቃት ወረቀቱንም ይዟል። ያኔ እጁ ደህና ነበር። ከሐኪሙ በኋላ ሐሳቡ ተነሳበት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደወለልኝና ሱቁን ዘግተህ ና፣ መተኮሻ ቦታ ትወስደኛለህ አለኝ።

መንገድ ላይ ለምን እንደምንሄድ ነገረኝ። ሲናገር ወደ እኔ አልዞረም፤ በመስኮቱ ያያል፤ እጁን ጭኑ ሥር ቀብሮታል።

«ጥቁሩን ክብ ከመታሁት ሐኪምህ ውሸታም ነው። ከሳትኩት ለልጆቹ ደውዬ መጥታችሁ ውሰዱኝ እላቸዋለሁ።»

ልጆቹ ኬፕታውን ናቸው። ተምረዋል፤ ትልቅ ቤት ገዝተዋል፤ ለእሱም አንድ ክፍል አዘጋጅተዋል። ክፍሉን በስልክ ቪዲዮ አሳይተውታል፤ አልጋ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ መታጠቢያው ግድግዳ ላይ የሚይዙት ብረት ተተክሎለታል። ለጂፒው መደብርም ገዢ አግኝተዋል። እሱ ለዚያ ክፍል ያለውን ጥላቻ አውቃለሁ። ማንም «ጋሼ» ብሎ የማይነሳበት፣ እሱም ማንንም የማይቆጣበት ቤት ነው። በቁሙ የሚቀበርበት ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጋሼ በዚያ ቅዳሜ የሚመርጠው ሽጉጥ ነው ብሎ ያሰበ ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ምን እንደሚመርጥ አውቄ ነው የሄድኩት፤ ሱቁንም ደስ ብሎኝ ነው የዘጋሁት።

ቦታው በስተምሥራቅ፣ ብራክፓን አካባቢ፣ ድሮ ወርቅ ሲቆፈር ከተከመረው ቢጫ አፈር ሥር ነው። የአፈሩ ተራራ ጥይት ያቆማል። ፊት ለፊቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መተኮሻ፣ ከጎኑ ሽጉጥ የሚሸጥበት ክፍል አለ። ሁለቱንም የምታስተዳድረው አንዲት ክንዷ የደነደነ ነጭ ሴት ናት፤ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትዞር፣ እንግሊዝኛዋን በአፍሪካንስ እያኘከች በፍጥነት የምትናገር። ሰው ከመግዛቱ በፊት ሽጉጡን እንዲሞክር ትፈቅዳለች። ባትፈቅድ ይሻለው ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ወፍራሙን፣ ፖሊስ የሚይዘውን ዓይነት ጠየቀ። ለምንድነው የምትፈልገው አለችው። ለኢላማ ነው ስላት፣ ለኢላማማ ቱ-ቱ ነው የሚያስፈልገው አለች። እዚህ አገር ሃያ ሁለት ቁጥሯን ትንሽ ጥይት እንደዚያ ነው የሚጠሯት። ጋሼ ሳቀ። «ሽጉጥ ነው ወይስ ቱፍታ?» አለኝ። የእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ ቱፍ ቱፍ ማለቱን ለዚህች ሴት እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ስለጨነቀኝ ይህን አላስተረጎምኩትም።

እሷ ጥይቷን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችን። ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። መምቻው ጠርዟን ሲነካት ነው የምትነደው፤ ስለዚህ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ ቃታ አይሳብም፣ መምቻው በብረቱ ላይ ያርፍና ይጎዳል አለች። ብዙ አትጮህም፣ እጅን ወደ ኋላ አትገፋም። ቀጥላ የተናገረችውን ግን በጣም ወደድኩት። ትልልቁ ሽጉጥ ይጮሃል፣ ይዘላል፣ ስለዚህ የሳተ ሰው በእሱ ያመካኛል፤ በዚህ ግን የሚመካኝበት ነገር የለም፣ ከሳተ ሰውየው ነው የሳተው አለች። ጥርት አድርጌ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ አስተረጎምኩለት።

ሁለት ሽጉጥ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችለት። አንደኛው ሁለንተናው ብረት ነው፤ ረጅም አፈሙዝ፣ ለመዳፍ ተብሎ የተቀረጸ የእንጨት እጀታ፣ በጥቃቅን ብሎን ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች የሚስተካከል ማነጣጠሪያ። ከባድ ነው። ቃታው ግን ለስላሳ ነው፤ ጣት ሲያርፍበት ይለቃል። ሁለተኛው ግማሽ አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ አጭር፣ ቀላል፣ ሲያዩት ፖሊስ ወገብ ላይ ያለውን የሚመስል። የእሱ ቃታ ሩቅ መጥቶ ነው የሚለቀው፣ ጠንከር ያለ ነው። ጥይትም ይመርጣል፤ ደከም ያለ ጥይት ካጎረሱት ቀለሃውን መትፋት አቅቶት አፉ ላይ ነክሶ ይቀራል። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረችን። እንደ እሱ አልፎ አልፎ ለመዝናናት ለሚተኩስ ሰው መንግሥት የሚፈቅደው አንድ ሽጉጥ ብቻ መሆኑን፣ ፈቃዱም እስኪወጣ ብዙ እንደሚያስጠብቅ፣ ስለዚህ አስቦ እንዲመርጥ መከረችው። ጋሼ እንደ ሚስት ነው በላት አለኝ። አልኳት። አልሳቀችም።

ብረቱን አነሳው። ክንዱ ገና ሳይዘረጋ ወደ ታች ወረደ፤ አፈሙዙ አየር ላይ መጻፍ ጀመረ። ወዲያው አስቀመጠውና ይህ የቧንቧ ሠራተኛ ዕቃ እንጂ የወንድ መሣሪያ አይደለም አለ። ቀላሉን ያዘ። ይሄኛው መልክ አለው፣ ሰው ሲያየው ያከብረዋል አለ። ኢላማ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ደግሞ ማንንም አያከብርም ልለው አፌ ደርሶ ተመለሰ።

የጆሮ መሸፈኛ አደረግን። ወረቀቱ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ በእጅ በሚዞር ጎማ ይሄዳል፣ ይመጣል። ጥይቶቹን የሽጉጡ ጥይት ማጉረሻ ካርታ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፤ ትንንሽ ስለሆኑ ከጣቱ እየወጡ ሲሚንቶው ላይ ተበተኑ። ጎንበስ ብዬ ለቀምኩለት፤ ካርታውንም ሞላሁለት። ተኮሰ። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ጥቁሩ ክብ ንጹሕ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ጥግ ጥጉን ይዘዋል። ከጎናችን ይተኩስ የነበረው ሰውዬ በራሱ ወረቀት ላይ የማያውቀውን ቀዳዳ አግኝቶ ወደ እኛ አየ። ጋሼም መልሶ አየው።

በመካከል ሽጉጡ አንድ ቀለሃ ነክሶ ቆመ። ደስታውን ብታዩት። «አየህ፣ ሽጉጡ ነው፤ ንገራት» አለኝ። ነገርኳት። ሴትዮዋ ጥይቱ ደካማ ስለሆነ ነው ብላ ሌላ ጠንከር ያለ ሰጠችን። ከዚያ በኋላ አንድም አልነከሰም። ቀዳዳዎቹ ግን እዚያው ጥጋቸው ላይ ቀሩ። ሽጉጡ ቀላል ስለሆነ የእጅን እንቅስቃሴ ሁሉ ይከተላል፣ ብረቱን ይሞክረው፣ ክብደቱ ያረጋጋዋል አለች። ደግ ሴት ናት። እኔ ደግሞ «ክብደቱ እጅዎን ያረጋጋልዎታል ትላለች፣ ጋሼ» አልኩት። «እጅዎን» የሚለውን እሷ አላለችም፤ ያቺን እኔ ነኝ የጨመርኳት።

ብረቱን በሁለት እጁ ያዘ። የመጀመሪያው ጥይት ከጥቁሩ ብዙም አልራቀም፤ ጥርሱ ታየ። ቀጥሎ ክንዱ እየደከመ መጣና መንቀጥቀጡ ከጣት ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ ወጣ። ማነጣጠሪያው ጠማማ ነው አለ። ሴትዮዋ ብሎኖቹን አዞረችለት። እጀታው ለትልቅ እጅ የተሠራ ነው አለ። መዳፉን አየችና ይበቃዋል አለች። መነጽሩ ነው አለ። ጠርጌ ሰጠሁት። የጎረቤቱ ጩኸት ነው አለ። ጎረቤቱ ጨርሶ ሄዶ ነበር። እያንዳንዱን ሰበብ ሳላጎድል አቀረብኩላት፤ እያንዳንዱን መልስ በ«እርስዎ» እየጠቀለልኩ፣ ጎንበስ እያልኩ አመጣሁለት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ያህል የተደሰትኩበትን ሌላ ቅዳሜ አላስታውስም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ እርሳሱን ከጸጉሯ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ብረቱን በአንድ እጇ አንስታ ተኮሰች። ወረቀቱ ሲመለስ መሃሉ ላይ አንድ የተቀደደ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም በዚያ ገብተዋል። ሽጉጡ ምንም አልሆነም አለች።

ጋሼ አልተረታም። ሽጉጡ የእሷ ስለሆነ ጠባዩን ታውቃለች፣ እስቲ በሕይወቱ ተኩሶ የማያውቅ ሰው ይሞክረው አለ። ሌላ ሰው በአጠገባችን አልነበረም፤ እኔ ነኝ። አስተረጎምኩ። ፈቀደች፤ እንዴት እንደሚያዝ፣ ጣት የት እንደሚቆም፣ ማነጣጠሪያው እንዴት እንደሚታይ አሳየችኝ፤ ስጨርስ ካርታውን እንዳወጣ ነገረችኝ። ቦታዬን ይዤ ልተኩስ ስል ጋሼ ከኋላዬ ቀረበና አንደኛውን የጆሮ መሸፈኛዬን በጣቱ ገለጥ አደረገው። ጣቱ ጆሮዬ ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ።

«ሳተው» አለኝ።

በሀዲይኛ ነው ያለኝ። ሰው ባለበት ሁልጊዜ በአማርኛ ነው የሚያናግረኝ፤ ሀዲይኛ የገጠር ነው ይላል፤ እናታቸው ሞተች ብለው ከአገር ሲደውሉ እንኳ ባለቤቴን በአማርኛ ነው ያረዳት። እባክህ አላለም። ግን ልመና መሆኑን የማያውቅ ሰው አይደለሁም። እኔ ከሳትኩ ሽጉጡ ነው ጥፋተኛው፤ ሽጉጡ ከሆነ ጥፋተኛው እጁ ደህና ነው፤ እጁ ደህና ከሆነ ለልጆቹ አይደወልም። የሚያስከፍለኝ ነገር አልነበረም። ተኩሼ የማላውቅ ሰው ብስት ማን ይገረማል?

ቴምቢሳ ላይ ሽጉጥ ከአንዴም ሁለቴ ተደግኖብኛል፤ የማውቀው በአፉ በኩል ነው። ከኋላው ቆሜ ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ክብደቱ ትከሻዬን አወረደው፤ ትንፋሼ ረጋ። ከፊት ያለችው ትንሽ ጥርስ ከኋላው ክፍተት ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ጎን ትንሽ ባዘነብላት ይበቃ ነበር። ባለቤቴ ሳህኑን ይዛ በሩ ላይ ስትቆም አየኋት። ቃታውን ሳብኩ፤ ደግሜ ሳብኩ፤ እስኪያልቅ ሳብኩ።

ሴትዮዋ ጎማውን አዙራ ወረቀቱን ስታመጣው ሦስታችንም አየነው። ቀዳዳዎቹ በሙሉ ጥቁሩ ውስጥ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። ሽጉጡ ጥሩ ነው፣ እሱም ጥሩ ነው አለች፣ እኔን ማለቷ ነው። ይህንንም አስተረጎምኩ።

ጋሼ እጁን ዘረጋና «ስጠኝ» አለኝ።

እኛ አገር ለታላቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይሰጥም። ቢላ ከሆነ ደግሞ እጀታው ወደ እሱ፣ ስለቱ ወደ ራስህ ነው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ስል የሆነ ነገር ይዤ ታላቄ ፊት ስቆም እጄ ራሱ ያደርገዋል። ካርታውን አውጥቻለሁ። የመጨረሻዋ ጥይት ከውስጥ መውጣቷን ግን አላየሁም፤ ማየት እንዳለብኝም አላውቅም ነበር። ሽጉጡን በሁለት መዳፌ ላይ አስተኛሁት፣ እጀታውን ወደ እሱ፣ አፈሙዙን ወደ ሆዴ አዞርኩት፣ ጎንበስ ብዬ አቀረብኩለት። እሱም እንደ ወጉ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሴትዮዋ ጮኸች። የማላውቀው ቃል ነበር። ቀና ስል የጋሼ ጣት የቃታው ቀለበት ውስጥ ገብቷል፤ እየተርገበገበ ነው፤ አፈሙዙ እምብርቴ ላይ ትንንሽ ክብ ይሠራል። ዓይኑ ያለው ፊቴ ላይ ሳይሆን ሆዴ ላይ ነው።

ቀጭ አለ።

ሌላ ነገር አልተከተለም። ሽጉጡ ባዶ ነበር። ሴትዮዋ ክንዱን ወደ ጎን መትታ ነጠቀችው፤ ከፍታ አየችው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ ነጭ ስለሆነ ከዚያ በላይ ይነጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ ነጣ። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ይህን ሰውዬ ጠይቀው አለችኝ፤ ቃታውን የሳበው ሆን ብሎ ነው ወይስ አመለጠው? ሆን ብሎ ከሆነ ፖሊስ እጠራለሁ፤ ካመለጠው ደግሞ ለምን እንዳመለጠው ማወቅ አለብኝ አለች።

አስተረጎምኩለት። ግራ እጁ ቀኙን አንጓው ላይ አንቆ ይዞታል። ከዚያ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሰርግ ላይ ሊናገር እንደሚነሳው አድርጎ፣ በአማርኛ መለሰልኝ።

«ሆን ብዬ ነው የሳብኩት በላት።»

ጋሼ፣ ፖሊስ ነው የምትጠራው አልኩት።

«ትጥራ። ሆን ብዬ ነው በላት።»

ያኔ ገባኝ። እጁ ታመመ ከመባል ነፍሰ ገዳይ መባል ይሻለዋል። የእህቱን ባል በጠራራ ፀሐይ ሊገድል ቃታ ሳበ ተብሎ በካቴና ቢወሰድ አንገቱን አይደፋም፤ በየለቅሶ ቤቱም ጋሼ ሆኖ ይቀራል። የእኔ ሆድ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ምንም ቦታ የለውም። ከዚያም የባሰ ነገር አለ፤ እውነት ይናገር እንደሆነ እኔ አላውቅም። የሳበው እጁ ይሁን እሱ ራሱ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ አላውቅም። በዚያች ሰዓት ግን ቃሉ በእኔ አፍ ካላለፈ የትም እንደማይደርስ አወቅሁ።

ታሟል አልኳት። እጁ ታሟል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሐኪም አይቶታል፣ አይድንም አልኳት።

«ሲክ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ቴምቢሳ ላይ ደንበኞች የራስ ምታት መድኃኒት ሲጠይቁ እየሰማ ነው የኖረው። ወደ እኔ አልዞረም። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ለእሷ ተናገረ።

«ኖ ሲክ። አይ ሹት ሂም።»

ይህን ሲል ቀኝ እጁን ከግራው አስለቅቆ በጣቱ ወደ ሆዴ አመለከተ። ጣቱ አንድ ቦታ መቆም አቃተው፤ ሆዴን፣ ግድግዳውን፣ መሬቱን፣ እንደገና ሆዴን አመለከተ። ሴትዮዋ ጣቱን አየች። የሚናገረውን መስማት አቆመች። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ ሲሄድና በምትኩ ሌላ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ እሱም አየው። ወደ ክፍሏ ገብታ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣች፤ ከኋላው አስቀመጠችለት፤ ክንዱን በቀስታ ያዘችው።

«ሲት፣ ማዳላ» አለችው።

ማዳላ በዙሉ ሽማግሌ ማለት ነው። የእኛ ሽማግሌ የሚያስታርቀው፣ የሚመርቀው፣ ሰው የሚነሳለት ግን አይደለም። ያረጀ ሰው ማለት ብቻ ነው፤ መንገድ ሲያቋርጥ እጁን ይዘው የሚያሻግሩት። ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል፤ በዙሉ የሚበልጠኝ እሱ ነው።

ተቀመጠ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ሳያየኝ ዘረጋልኝ። «ደውልላቸው» አለኝ፤ በሀዲይኛ።

ተቀበልኩት፤ በአንድ እጄ። የትልቁን ልጅ ስም ነካሁና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። እስኪያነሳ ድረስ ኢላማዬን ከሽቦው ፈትቼ በደንብ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።